ወንጀልን በየስሙ መጥራት

የአንድ አገር ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ስለወጣ ብቻ የሠርቶ አደሩን ንብረትና ነፃነት አይጠብቅም። ሕጉ ሕይወት የሚያገኘው ሕዝቡ ሲያውቀው፣ ሲገለገልበትና በስሙ የሚሠራውን ሁሉ በእርሱ ሲመዝን ነው። ሰፊው ሕዝብ ያላወቀው ሕግ በጥቂት አዋቂዎች እጅ የሚገኝ መሣሪያ ሆኖ ይቀራል። ይህ በማንኛውም የሕግ ዘርፍ የሚታይ እውነት ቢሆንም፣ በወንጀል ሕግ ረገድ ግን ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም የወንጀል ሕግ የሰውን እንጀራ፣ ክብርና ነፃነት በአንድ ጊዜ የሚነካ ነውና።

በየዕለቱ ንግግራችን «ሌባ» የሚለው አንድ ቃል ከዐቅሙ በላይ ተጭኖበታል። በሰቆጣ ገበያ የሌላውን ፍየል ከመንጋ ለይቶ ነድቶ የሸጠው ሰው «ሌባ» ይባላል። የዕድሩን ገንዘብ ተረክቦ የት እንዳደረሰው የማይናገረው ገንዘብ ያዥ «ሌባ» ይባላል። በስኳር የተበረዘውን ማር ንጹሕ የዋግ ማር ነው ብሎ ያሻሻጠው ነጋዴ «ሌባ» ይባላል። ተበድሮ በቀጠሮው ቀን መክፈል ያቃተው ጎረቤትም «ሌባ» ይባላል። ለተራበ ሕዝብ የመጣውን ስንዴ ከመጋዘን አውጥቶ በጨለማ የሚያስጭነው ኃላፊ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በማዕረጉ ነው።

ከነዚህ አምስት ሰዎች መካከል በሕግ ፊት በስርቆት የሚከሰሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው በእምነት ማጉደል፣ ሦስተኛው በአታላይነት፣ አምስተኛው በሙስና ይጠየቃሉ። አራተኛው፣ ማለትም ባለ ዕዳው፣ ከናካቴው ወንጀለኛ አይደለም። ስሞቹን ማደባለቅ የቋንቋ ግድየለሽነት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን ከመደባለቁ ሦስት ጉዳቶች ይወለዳሉ። አንደኛ፣ የተበደለው ሰው አቤቱታውን በተሳሳተ መንገድ ስለሚያቀርብ ማስረጃው ከክሱ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ በደለኛው ሊያመልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ድሃው ባልሠራው ወንጀል ስሙ ጠፍቶ ይታሰራል፤ አልፎ አልፎም በገበያ መካከል ይደበደባል። ሦስተኛ፣ የሁሉም ዓይን በትንሹ ሌባ ላይ ሲያፈጥ ትልቁ የሕዝብ ሀብት በላተኛ ከጀርባ ያልፋል።

ይህ ጉዳይ በዋግ ኽምራ ደጋዎች ልዩ ክብደት አለው። አገሩ ከተከዜ ሸለቆና ከአበርገሌ ቆላ ተነሥቶ እስከ ሰቆጣና ደሃና ከፍታዎች የሚወጣ ተዳፋት ነው፤ ዝናቡ አጭር፣ አፈሩም በዘመናት መሸርሸር የሳሳ ነው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃቦች በወሎ ላይ ሲወርዱ ዋግና ላስታ ክፉኛ ከተመቱት ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ተመልሶ የዝቋላንና የሳህላን አርሶ አደር ከብት አልባ አድርጓል። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ባለ አገር የአንድ ቤተሰብ ሀብት ቢቆጠር ጥንድ በሬ፣ ጥቂት ፍየሎች፣ ምናልባትም ሁለት ወይም ሦስት ቀፎ ቢሆን ነው። በሬው ሲሰረቅ የተሰረቀው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ የመጪው ዓመት እርሻ፣ የልጆች ትምህርትና ከጎረቤት ጋር የተገባው የመቀናጆ ውል አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የሕዝቡ ቁጣ ትክክለኛ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ቁጣ ለፍርድ መነሻ እንጂ በራሱ ፍርድ ሊሆን አይችልም።

ቁጣና ጥርጣሬ በፍርድ ቦታ ሲቀመጡ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቀድሞው ሥርዓት በሰሜኑ ደጋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ሌባን ለማግኘት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም እንዲከፍል ይገደዳል። ማስረጃው የሰከረ ሕፃን እግር ነበር። ሌላው ዘዴ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። ወንጀል በተፈጸመበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ እርሻቸው እንዳይመለሱ ይደረጋሉ፤ ራሱን መግለጥ የማይፈልግ ምስክር «ወፍ ነገረኝ» እያለ የሰው ስም ይጠራል፤ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ከቀረ ደግሞ አገሩ በሙሉ ካሣ ያዋጣል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ቁራኛም ነበረ።

እነዚህን ሥርዓቶች በዛሬ ዓይን አይተን መሳቅ ቀላል ነው። የሚጠቅመው ግን ማንን እንዳገለገሉ መጠየቅ ነው። አፈርሳታ የኅብረተሰቡን ትብብር መሠረት ማድረጉ አይካድም፤ ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን ሌላ የምርመራ መንገድ ማግኘትም አስቸጋሪ ነበር። ሆኖም በሜዳው ላይ ለቀናት መቆየት የማይጎዳው ብዙ አገልጋይ ያለው ባለ ርስት ሲሆን፣ የአንድ ሳምንት እርሻው የሚባክንበት ድሃ ግን የማያውቀውን ሰው ጠቁሞ ቶሎ ለመገላገል ይገፋፋ ነበር። በወፍ የሚጠቆመውም ወዳጅ የሌለው፣ እንግዳ የሆነው ወይም በሙያው የተናቀው ሰው ነበር። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ በጥርጣሬ ቀዳሚ፣ በተሟጋችነት መጨረሻ ነበሩ።

የተጻፈው የወንጀል ሕግ ታሪክ ከዚህ አሠራር የመላቀቅ ታሪክ ነው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው ሁለተኛው ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በገበሬ ማኅበራትና በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የተቋቋሙት ፍርድ ሸንጎዎች ዳኝነትን ወደ ሰፈር አወረዱት፤ ጥቃቅን ወንጀሎችንም እንዲያዩ ተደረገ። ዳኛው ከጎረቤት መመረጡ የሕዝቡን የዳኝነት ፍርሃት ቢያቃልልም፣ የሕግ ዕውቀት በጎደለበት ሥፍራ ግን ቂምና ዝምድና በወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ታይቷል። ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ከእርሱ በላይ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለ።

የዚህ ሕግ መሠረት በአንቀጽ 23 ላይ ተቀምጧል። አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሦስት ፍሬ ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ነው፤ እነርሱም ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ናቸው። በቀላል አነጋገር፣ ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ የተከለከለው ነገር በተጨባጭ መፈጸም አለበት፤ ፈጻሚውም በአሳቡ ጥፋተኛ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም። በአበርገሌ ሜዳ ሁለት እረኞች መንጋቸውን ውኃ ሲያጠጡ የአንዱ ፍየል ከሌላው መንጋ ጋር ተቀላቅላ ብትሄድ፣ የሄደችበት እረኛ ስላላወቀና ስላላሰበ ሌባ አይደለም። በማግሥቱ ፍየሏ የእርሱ እንዳልሆነች አውቆ፣ ባለቤቷ ሲፈልጋት እየሰማ፣ ጆሮዋን ቆርጦ ምልክቷን ካጠፋ ግን ነገሩ ተለውጧል፤ በሕግ መጠየቁ አይቀርም። ፍየሏ ያችው ፍየል ናት፤ የተለወጠው የሰውየው አሳብና አድራጎት ነው።

በንብረት ላይ የሚፈጸሙትን ወንጀሎች ለመለየት የሚያገለግለው ቁልፍ ጥያቄ አንድ ነው። ንብረቱ ከባለቤቱ እጅ የወጣው በምን መንገድ ነው?

ባለቤቱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ተወስዶበት ከሆነ ስርቆት ነው። በአንቀጽ 665 መሠረት የማይገባውን ብልጽግና ለራሱ ለማግኘት ወይም ለሌላ ለማስገኘት አስቦ የሌላውን ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ወይም ከማይንቀሳቀስ ንብረት የተነጠለን ነገር የወሰደ ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እሥራት፣ ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ከቀፎ የተቆረጠ ማር፣ ከጣሪያ የተነቀለ ቆርቆሮ፣ ከበረት የወጣ በሬ ሁሉ በዚህ ሥር ይገባሉ። መሬት ግን አይሰረቅም። ድንበር ገፍቶ ያረሰ ሰው በይዞታ ሁከት ይጠየቃል እንጂ ሌባ አይባልም።

ንብረቱ የወጣው በጉልበት ወይም ባለቤቱን በማስፈራራት ከሆነ ውንብድና ነው። በመንገድ ላይ ነጋዴን አስቁሞ በጦር መሣሪያ የዘረፈና በገበያ ግርግር ከኪስ ገንዘብ ያወጣ በአንድ ስም አይጠሩም፤ አንደኛው ከንብረቱ ጋር የሰውንም አካልና ሕይወት አደጋ ላይ ጥሏልና ቅጣቱ በብዙ ይከብዳል።

ባለቤቱ ራሱ አምኖ ያስረከበው ከሆነና ተረካቢው ለራሱ ካደረገው እምነት ማጉደል ነው፤ አንቀጽ 675 የሚመለከተው ይህንን ነው። ለርቢ የተረከበውን ፍየል ሸጦ ሲያበቃ «ጅብ በላት» የሚለው፣ የዕድር ወይም የዕቁብ ገንዘብ ተቀብሎ ለግል ንግዱ የሚያዞረው፣ እንዲያደርስ የተላከበትን ኩንታል በመንገድ የሚሸጠው ሁሉ የሚጠየቁት በዚህ ነው። እዚህ ላይ ከሳሹ ማስረዳት ያለበት ዋና ነገር ርክክቡን ነው። ያለ ወረቀትና ያለ ምስክር የተሰጠ ዐደራ በፍርድ ቤት እጅግ ደካማ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ባለቤቱ በገዛ እጁ የሰጠው በሐሰት ተታልሎ ከሆነ አታላይነት ነው። አንቀጽ 692 የሚቀጣው አሳሳች ነገር በመናገር፣ ማንነትን ወይም ሁኔታን በመለወጥ፣ መግለጽ የሚገባውን በመደበቅ ወይም የሌላውን የተሳሳተ እምነት በመጠቀም ሰው ንብረቱን እንዲጎዳ ያደረገውን ነው፤ ቅጣቱም ቀላል እሥራት ወይም እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ሆኖ መቀጮም ይጨመርበታል። «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ደውሎ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቀው የስልክ አጭበርባሪ የዚህ ዘመን አታላይ ነው። በኮምፒዩተር አማካይነት ለሚፈጸመው በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ተጨማሪ ድንጋጌ አበጅቷል። የሳዑዲ ሥራ አለልህ ብሎ የወጣቱን ቤተሰብ በሬ የሚያሸጥ ደላላም አለ፤ የእርሱ ነገር ከማታለል አልፎ በሰው የመነገድ ወይም ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀል እስከ መሆን ይደርሳል።

በአታላይነትና ተራ ዕዳን ባለመክፈል መካከል ያለውን ድንበር መለየት ለሠርቶ አደሩ እጅግ ጠቃሚ ነው። ጥያቄው ሐሰቱ የነበረው መቼ ነው የሚለው ነው። ተበዳሪው ሲበደር እውነቱን ተናግሮ፣ ኋላ ዝናቡ ቀርቶ ሰብሉ ቢደርቅበትና መክፈል ቢያቅተው ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ አበዳሪው ገንዘቡን በክስ ይጠይቃል እንጂ ሰውየውን አያሳስርም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ስምምነትም የውል ግዴታን መወጣት ስላልቻለ ብቻ ማንም እንዳይታሰር ይከለክላል። የሌለውን በሬ አለኝ ብሎ በዋስትና አስይዞ የተበደረ ግን ገና ሲጀምር አታሏል። በባንክ በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚጽፍም በአንቀጽ 693 በወንጀል ይጠየቃል።

የመጨረሻው የተሰረቀውን የሚቀበለው ነው። በሌሊት የመጣ በሬ በሲሶ ዋጋ ሲቀርብለት ምንም ሳይጠይቅ የሚገዛ ነጋዴ «እኔ አልሰረቅሁም» ብሎ አያመልጥም። ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛ፣ የደበቀ ወይም እንዲሸጥ የረዳ ሰው በአንቀጽ 682 በመሸሸግ ወንጀል ይከሰሳል። ተቀባይ በሌለበት ገበያ ሌባ ብዙ አይቆይም። እውነቱን ለመናገር፣ በየገበያው ሌባውን እያሳደድን ተቀባዩን ሰላም የምንል ከሆነ ምንጩን ትተን ጅረቱን እንጨልፋለን።

ሕጉ አንዳንድ ስርቆቶችን ከሌሎች ለይቶ ያከብዳል። አንቀጽ 669 ከባድ ስርቆት ከሚላቸው መካከል በቡድን ወይም በልማድ የሚፈጸሙት፣ ለአምልኮ የተለዩ ወይም ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ሲሰረቁ፣ እንዲሁም የሕዝብን መከራ መጠቀሚያ ያደረገው ይገኙበታል። ለቅርሱ ጉዳይ ከዋግ ጎን ያለው የላስታ ምሳሌ በቂ ነው። የላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ፣ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። እንደ ሰቆጣው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ያሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት አገር ሌባው አንድ፣ ተሰራቂው ግን ትውልድ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል። መከራን ስለሚጠቀመውም ቢሆን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ሰቆጣ የተጠለሉ ቤተሰቦች ያውቁታል። ቤቱን ጥሎ የሸሸን ሰው ንብረት መዝረፍ ከሌላው ስርቆት ከብዶ መታየቱ ፍትሐዊ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ለሕዝብ የመጣውን በሕዝብ ስም መብላት ነው። በሚያዝያና በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ፣ በመጀመሪያ በትግራይ ኋላም በመላ አገሪቱ፣ አቋርጠዋል። የሰጡት ምክንያት እህሉ በሰፊው ለተረጂ ሳይደርስ ወደ ሌላ መዞሩ ነበር። ሥርጭቱ በ2016 ዓ.ም. ውስጥ ቀስ በቀስ እስኪቀጥል ድረስ በድርቅ የተመታው አርሶ አደር ላልሠራው ወንጀል ተቀጣ። ይህም የድሮው አፈርሳታ በአዲስ መልክ መመለሱ ነው፤ ጥቂቶች በሉ፣ አገር በሙሉ ከፈለ። እንዲህ ያለውን አድራጎት ሕጉ ተራ ስርቆት አይለውም። በሥልጣን አላግባብ መገልገልንና የሥራ ተግባርን ተገን አድርጎ ንብረት መውሰድን በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 በጽኑ ይቀጣል። ስለዚህ የመጋዘኑን ኃላፊ «ሌባ» ብሎ በሹክሹክታ መሳደብ አይበቃም፤ «በሙስና ይጠየቅልን» ብሎ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል።

የቁጣን ፍርድ ዋጋ ወሎ በሌላ መንገድም ከፍላለች። የ1966ቱን ረሃብ የደበቁት ባለሥልጣናት እንዲመረመሩ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን በኮሚሽኑ ፊት ቀርበው የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ያሉባቸው ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ አዋጅ በዚያው ወር ወጥቶ ሳለ፣ አንድም ክስ ሳይነበብ፣ አንድም ምስክር ሳይሰማ ተፈጸመ። በዚህም የተጎዱት የተገደሉት ብቻ አይደሉም። በዋግና በላስታ በረሃብ ያለቁት ወገኖችም የሞታቸው ኃላፊ ማን እንደነበረ በፍርድ ቤት መዝገብ የሚረጋገጥበትን ዕድል አጥተዋል።

አንዳንዶች «የተራበ ሰው ለቁራሽ ቢሰርቅ ምን ይፈረድበታል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ወጣቱ ካርል ማርክስ በጀርመን የራይን አውራጃ የወጣን የእንጨት ስርቆት ሕግ በጋዜጣ ሲተች፣ የወደቀ ጭራሮ መልቀምና ቆሞ ያለ ዛፍ መቁረጥ በአንድ ስም ስርቆት መባላቸውን ተቃውሟል። ድሆች ከጥንት ሲለቅሙት የኖሩት ጭራሮ በደን ባለቤቶች ጥቅም ምክንያት ወንጀል ተደርጎ ነበርና። የኛ ሕግ በዚህ ረገድ ልብ አለው። አንቀጽ 75 የራስን ወይም የሌላን መብት ከደረሰ ከባድ አደጋ ለማዳን፣ ሌላ መንገድ በሌለበት የተፈጸመን ድርጊት አይቀጣም። ይህ በጠባቡ የሚተረጎም ቢሆንም አለ። በከባድ የኑሮ ችግር ተገፍቶ የሠራ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለትም አንቀጽ 82 ይፈቅዳል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ አይቀጣም። እረኝነት የሕፃናት ሥራ በሆነበት በዋግ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ችግር የሌላውን ችግረኛ ፍየል ለመንዳት ፈቃድ አይሰጥም፤ ድሃ ከድሃ ሲሰርቅ በረሃቡ ላይ ረሃብ ይጨምራልና።

ተጠርጣሪውስ? በሕገ መንግሥቱ መሠረት የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚያስኬደው ጊዜ ሳይቆጠር፣ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ክርክሩም በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደ በመንግሥት ወጪ ሊተረጎምለት ይገባል። ስለዚህ ኽምጣና ብቻ የሚናገር የገጠር ሰው በአማርኛ የተጻፈ ቃል ላይ ጣቱን አትሞ ወደ እሥር ቤት ሊላክ አይገባም። ዝም የማለት መብት አለው፤ እንዲያምን አይገደድም፤ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። በገበያ መካከል ሰው የሚደበድቡ ሰዎች ሌባ ቀጣን ቢሉም በሕግ ፊት እነርሱ ራሳቸው ወንጀለኞች ናቸው። አውቆ ንጹሑን በሐሰት የሚወነጅልም እንዲሁ ይጠየቃል።

የዋግ ሽማግሌዎች ዕርቅ ክቡር ነው። የተወሰደው እንዲመለስ፣ ቂም እንዲሽር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር እንዲኖር ያደርጋል። ነገር ግን በግል አቤቱታ ብቻ የማይታይ ወንጀል በዕርቅ ብቻ አይዘጋም፤ ጉዳቱ የደረሰው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ጸጥታም ላይ ነውና። ዕርቁ የበደለውን መጸጸትና የካሣውን መከፈል ለዳኛው ያሳያል፤ የዳኛውን ሥራ ግን አይተካም።

እንግዲህ በየቀበሌው፣ በየዕድሩና በየሥራ ቦታው ያለው ነዋሪና ሠራተኛ ምን ያድርግ? ዐደራን በወረቀትና በሁለት ምስክር ይስጥ። የማኅበር ሣጥን ቁልፍ በአንድ እጅ አይኑር፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበብ። በገበያ ያልታወቀ ከብት ሲገዛ የሻጩን ማንነትና የከብቱን ምንጭ ይጠይቅ። የእርዳታ እህል ሲመጣ የተረጂዎች ዝርዝርና የኩንታል ቁጥር በአደባባይ ይለጠፍ ብሎ ይጠይቅ፤ የጎደለውን ይቁጠር። አቤቱታ ሲያቀርብ ስድብን ትቶ የሆነውን ይናገር፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን፣ በምን መንገድ ወሰደ ብሎ ያስረዳ። ምስክር ሲሆን ያየውን ካልሰማው፣ የሰማውን ካልጠረጠረው ይለይ፤ የወፍ ዘመን አልፏል።

ስርቆትን ስርቆት፣ ማታለልን ማታለል፣ ዕዳን ዕዳ፣ ሙስናን ሙስና ብሎ መጥራት የጀመረ ሕዝብ ለበደለኛ መደበቂያ፣ ለንጹሕም መጠቂያ የሚሆን ጨለማ አይተውም። ፍየሏ ወደ ባለቤቷ፣ ስንዴው ወደ ተራበው፣ ጥፋተኛውም ወደ ዳኛው የሚደርሱት በዚህ ብርሃን ነው።